መኪናችሁ ውስጥ ያለው 88.5፦ እንዴት እንደሚሰማ፣ እንዴት እንደሚገባበት

ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ መንዳት በጀመርኩ ሰሞን አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴትዮ ከኮኔቲከት አቬኑ ላይ ተሳፈሩ። ገና በሩን ሳይዘጉ «እባክህ፣ ሬዲዮውን 88.5 ላይ አድርግልኝ» አሉኝ። አደረግኩላቸው። ዱፖንት ሰርክል እስክንደርስ ቃል አልተነፈሱም። ደርሰን ስቆም ግን አልወረዱም። የተጀመረው ጨዋታ እስኪያልቅ ቁጭ አሉ። ቆጣሪው እየሄደ ነው። እኔ ከተወራው ግማሹ እንኳ አልገባኝም፤ የሴትየዋ አሰማም ግን ገባኝ። የቤተሰብ ሰው ሲያወራ እንደሚሰማ ነበር የሚሰሙት።

ከዚያን ቀን ወዲህ መኪናዬ ውስጥ የመጀመሪያዋ ቁልፍ 88.5 ናት። መኪና ቀይሬአለሁ፣ ሥራም ቀይሬአለሁ፣ እሷን ግን አልቀየርኳትም። ይህን የምጽፈው በቅርብ ለመጣችሁ ነው። ቆይታችሁም ከሆነ፣ ሬዲዮ ስትከፍቱ እጃችሁ ወደ ሙዚቃ ብቻ የሚሄድ ከሆነ፣ ለእናንተም ነው። ጣቢያው ደብሊው ኤ ኤም ዩ ይባላል። ባለቤቱ አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ነው። የሚኖረው በአብዛኛው አድማጭ በሚያዋጣው ገንዘብ ነው። ማንም ገብቶ ሊጠይቅበት፣ ሊናገርበት፣ ሊሠራበት ይችላል። መግቢያውን ካወቃችሁት ማለት ነው። ዓመቶቹንም፣ ወርና ቀኖቹንም ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ጣቢያውን ያዙት

ኤፍ ኤም ላይ ግቡና ወደ ግራ ሂዱ፤ ከቁጥሩ ዝቅተኛ ጫፍ ማለቴ ነው። እዚያ ጫፍ ላይ የተቀመጠው በአጋጣሚ አይደለም። በ1945 የአሜሪካ መንግሥት ኤፍ ኤምን አሁን ወዳለበት፣ ከ88 እስከ 108 ወዳለው ቦታ ሲያዛውር ከ88 እስከ 92 ያለውን ለትምህርትና ለንግድ ላልሆኑ ጣቢያዎች ብቻ ከለለው። ስለዚህ በየትኛውም የአሜሪካ ከተማ ብትገቡ፣ ከተማውን ባታውቁትም እንኳ፣ ግራውን ጫፍ ፈትሹት። የዩኒቨርሲቲ ጣቢያ፣ የሕዝብ ሬዲዮ ወይም የሃይማኖት ጣቢያ ታገኛላችሁ። ዘመድ ልጠይቅ ብዬ ረጅም መንገድ ስነዳ የማደርገው ይህንኑ ነው። የአንዱ ድምፅ እየተሸረሸረ ሲሄድ ከ88 ጀምሬ ቀስ እያልኩ ወደ ላይ እወጣለሁ።

88.5 በ50,000 ዋት ነው የሚያሰራጨው። ዲሲንና ዙሪያውን፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሰፈሮቻችንን በደንብ ይሸፍናል። ከዚያ በላይ ከራቃችሁ በስልክ ስሙት፤ መተግበሪያም ድረ ገጽም አለው። አዲስ አበባ ሆናችሁ፣ ዱባይ ሆናችሁ፣ ቴል አቪቭ ሆናችሁ ይሰማል። ቪዛችሁን እየጠበቃችሁ ከሆነ ይህን ከአሁኑ ጀምሩት። የምትመጡበትን ከተማ ሳትረግጡት በጆሮ ልታውቁት ትችላላችሁ።

አንድ የምንደናገርበት ነገር አለ። እኛ ሀገር ቤት እያለን «ከዋሽንግተን የሚመጣ ሬዲዮ» ሲባል የምናውቀው የአሜሪካ ድምፅን ነው፤ የአማርኛው ክፍል ከ1982 ጀምሮ ቤታችን ሲገባ የኖረ ነው። እሱ የመንግሥት ነው፣ የተቋቋመውም ለውጭ ሀገር አድማጭ ነው። 88.5 የመንግሥት አይደለም። የኤን ፒ አርም ንብረት አይደለም። ኤን ፒ አር ፕሮግራም የሚሠራ ድርጅት ነው፣ 88.5 ደግሞ አባል ጣቢያ ነው፤ ከፍሎ ፕሮግራሙን ይወስዳል፣ የራሱንም ይሠራል። ሁለቱም ዋሽንግተን ስላሉ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል። ሕንፃቸው እንኳ ለየብቻ ነው። የተማሪዎቹም ሬዲዮ ሌላ ነው፤ ደብሊው ቪ ኤ ዩ ይባላል፣ በኢንተርኔት ነው የሚተላለፈው። ልጃችሁ አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ገብታ «ሬዲዮ ጀመርኩ» ካለቻችሁ የትኛው እንደሆነ ጠይቋት።

ለጆሮ ማሠልጠኛ

እንግሊዝኛችሁ ገና ከሆነ ረጅሙን ቃለ ምልልስ ለጊዜው ተዉት። ከዜናው ጀምሩ። በየሰዓቱ መግቢያ ላይ አምስት ደቂቃ ገደማ የምትሆን አጭር ዜና አለች። ከአንዱ ሰዓት ወደ ሌላው ስትሄድ ብዙው ነገር ይደገማል፤ ለእኛ የሚጠቅመን ይኸው መደገሙ ነው። በፈረንጅ ሰዓት የ7ቱን ስሙ፣ የ8ቱን ስሙ፣ የ9ኙን ስሙ። በመጀመሪያው ዙር ስምና ቁጥር ብቻ ያዙ። ማን? የት? ስንት? በሁለተኛው ምን እንደተደረገ ያዙ። በሦስተኛው ከአንባቢው ጋር አብራችሁ፣ ጮክ ብላችሁ፣ ከኋላ ከኋላ እየተከተላችሁ ተናገሩ። መኪና ውስጥ ብቻችሁን ስትሆኑ ማንም አይሰማችሁም። እኔ ክሩስኮቱ ላይ ትንሽ ደብተር ነበረችኝ። ቀይ መብራት ላይ አልጽፍም፣ አደጋ ነው። ተሳፋሪ እየጠበቅኩ ስቆም በአማርኛ ፊደል እጽፋታለሁ፣ ማታ ቤት ገብቼ እፈልጋታለሁ።

«ኢቪክሽን» ያን ጊዜ ከያዝኳቸው ቃላት አንዷ ናት። ከቤት ማስወጣት ማለት ነው። በሌላ ቀን «ሬንት ኮንትሮል» የሚል ሰማሁ። ማታ ስፈልገው ዲሲ ውስጥ የኪራይ ቁጥጥር የሚባል ሕግ እንዳለ አወቅኩ፤ ከ1976 በፊት የተሠሩ ብዙ የአፓርታማ ሕንፃዎች ላይ አከራይ በየዓመቱ የሚጨምረው ኪራይ ጣሪያ አለው። የምኖርበት ሕንፃ አሮጌ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ሬዲዮው ነገረኝ። ለዚህ ነው ቋንቋ መማሪያ ብቻ አድርጋችሁ አትያዙት የምለው። ካውንስሉ ምን ወሰነ፣ ትምህርት ቤቱ መቼ ይዘጋል፣ ሜትሮው የትኛውን መስመር ሊጠግን ነው፣ ይሄ ሁሉ ኪሳችን ውስጥ የሚገባ ወሬ ነው።

ለሹፌሮች አንዲት ነገር ልጨምር። በዚህ አካባቢ ሬዲዮ ላይ የመንገድ ወሬ ሲነገር «ኢነር ሉፕ»፣ «አውተር ሉፕ» ሲሉ ትሰማላችሁ። 495 ቤልትዌይ ከተማውን የሚዞር ቀለበት ነው። ኢነር ሉፕ የሰዓት እጅ በሚዞርበት አቅጣጫ የሚሄደው ነው፣ አውተር ሉፕ በተቃራኒው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ቨርጂኒያ በአሜሪካን ሊጅን ድልድይ ልትሻገሩ ከሆነ አውተር ሉፕ ላይ ናችሁ። ይህን ሳላውቅ ስንት ወር እንደነዳሁ!

ጠዋት ዋናው ፕሮግራም «ሞርኒንግ ኤዲሽን» ነው፣ ወደ ማታ «ኦል ቲንግስ ኮንሲደርድ»። ሁለቱም የኤን ፒ አር ናቸው፤ በመሃል በመሃል ግን የ88.5 ጋዜጠኞች የከተማውን ዜና ያስገባሉ። ረፋዱ ላይ «ዋን ኤ» አለ። እሱን የሚሠራው ራሱ 88.5 ነው፣ በመላ አሜሪካ ይሰማል። ሌሊት የቢቢሲ ዓለም አቀፍ አገልግሎት ይገባል። የሌሊት ፈረቃ ላላችሁ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ለምትሠሩ፣ ለኤርፖርት ሹፌሮች እሱ ጥሩ ጓደኛ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሬዲዮ ምን አደረገለት?

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። መልሱ ወደ ዊስኮንሲን ይወስደናል። ማዲሰን በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ኧርል ቴሪ የሚባሉ የፊዚክስ መምህር ነበሩ። ቤተ ሙከራቸው ውስጥ፣ ናይን ኤክስ ኤም በሚባል የሙከራ ፈቃድ፣ ከተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው ማሰራጫ ሠሩ። የማሰራጫው አምፖሎች ከገበያ የተገዙ አይደሉም፤ እዚያው በእጅ ነው የተሠሩት። ይቃጠላሉ፣ ይሰበራሉ፣ እንደገና ይሠራሉ። መጀመሪያ በቴሌግራፍ ምልክት የአየር ጠባይ ትንበያ ለገበሬው ይልኩ ነበር። ከጥር 1921 ጀምሮ ደግሞ በሰው ድምፅ በየቀኑ መናገር ጀመሩ። በ1922 ጣቢያው ደብሊው ኤች ኤ የሚለውን ስም አገኘ። በ1931 በየትምህርት ቤቱ ላሉ ልጆች በሬዲዮ ማስተማር ያዘ።

ይቺን የመጨረሻዋን ሳነብ የራሴ ክፍል ታወሰኝ። እኛም ሀገር እኮ አንደኛ ደረጃ እያለን ትምህርት በሬዲዮ ነበር። መምህሩ ሬዲዮውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፣ ዜማው ሲጀምር ሁላችንም ጭጭ እንላለን። ገበሬው ስለ ዝናቡ እንዲያውቅ፣ ልጁ ሩቅ ካለ መምህር እንዲማር የታሰበ ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ሬዲዮ የያዙት በዚህ ሐሳብ ነው፤ እውቀቱ ግቢ ውስጥ ተቆልፎ እንዳይቀር።

የ88.5 አጀማመር ግን ከዚህ ያነሰ ነው፣ እኔም የምወደው ለዚህ ነው። በ1951 አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጥቂት ተማሪዎች በኤ ኤም አንዲት ጣቢያ ከፈቱ። ምልክቱ አየር ላይ አይሄድም ነበር። በግቢው የኤሌክትሪክ ሽቦ ውስጥ ለውስጥ ነው የሚጓዘው። ስለዚህ ሽቦው ከሚደርስበት ሕንፃ ውጪ ማንም አይሰማውም። ከጀማሪዎቹ አንዱ ኤድ ዎከር ይባሉ ነበር። ሲወለዱ ጀምሮ ዐይናቸው አያይም። ለዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያው ዐይነ ስውር ተማሪ ነበሩ። እዚያው ግቢ ዊላርድ ስኮት ከሚባል ጓደኛ ጋር ተገናኙ፤ ሁለቱ «ጆይ ቦይስ» ተብለው ከ1955 እስከ 1974 በዋሽንግተን ሬዲዮ ከተማውን ሲያስቁ ኖሩ። ወደ ዎከር እመለሳለሁ።

ጥቅምት 23 ቀን 1961 ጣቢያው በኤፍ ኤም ወጣ። በዚያ አስርት ውስጥ፣ በ1967፣ ብሉግራስ የሚባለውን የገጠር ሙዚቃ ማሰማት ጀመረ። ባንጆውና ማሲንቆ የሚመስለው ቫዮሊን ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ከተራራው ወደ ዋሽንግተን ሥራ ፍለጋ የወረዱ ሰዎች ሙዚቃ ነው፤ ሀገራቸውን የሚሰሙት በእሱ ነበር። ለዓመታት ብዙ ሰው 88.5ን የሚያውቀው በዜና አልነበረም፣ በብሉግራስ ነበር። በኋላ ዜናው እየሰፋ ሙዚቃው ወደ ራሱ መስመር ወጣ። ያኔ ያዘኑ አድማጮች ዛሬም አሉ፤ አብሬያቸው አዝናለሁ።

በዚያው በ1967 ፕሬዚዳንት ጆንሰን የሕዝብ ብሮድካስት ሕግን ፈረሙ። የፌዴራል ገንዘብ የመጣው በዚያ ነው። ኤን ፒ አር በ1970 ተቋቋመ፤ «ኦል ቲንግስ ኮንሲደርድ» ግንቦት 3 ቀን 1971 ለመጀመሪያ ጊዜ አየር ላይ ሲውል ዋናው ወሬ እዚሁ ዋሽንግተን መንገድ ላይ የተደረገው የፀረ ጦርነት ሰልፍ ነበር።

ከዚያ ሁለት ሰዎች አሉ፣ እንድታውቋቸው የምፈልጋቸው። ዳያን ሬም በ1973 በጎ ፈቃደኛ ሆነው ነው የገቡት። ልጆቻቸውን ሲያሳድጉ የቆዩ የቤት እመቤት ነበሩ፣ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪም አልነበራቸውም። በገቡበት የመጀመሪያ ቀን አቅራቢዋ ታማ ቀርታ ኖሮ ማይክ ፊት አስቀመጧቸው። በ1979 የራሳቸውን ፕሮግራም ያዙ፣ ከ1984 ጀምሮ በስማቸው ተጠራ፣ በ1995 በመላ ሀገሪቱ መሰራጨት ጀመረ። ቆይቶ ድምፃቸውን የሚያንቀጠቅጥ የጉሮሮ ሕመም ያዛቸው። ቃላቱ ቀስ እያሉ፣ እየተንቀጠቀጡ ነበር የሚወጡት። በሬዲዮ ለሚኖር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እሳቸው ግን ታክመው ተመለሱና እስከ ታኅሣሥ 2016 ድረስ ቀጠሉ። ለእኔ የእሳቸው ዝግታ መምህር ነበር። እንግሊዝኛን ያለ ጥድፊያ የሰማሁት ከእሳቸው ነው።

ሁለተኛው ኮጆ ናምዲ ናቸው። ከጉያና የመጡ ስደተኛ ናቸው። የጀመሩት እዚሁ ከተማ በሌላ የዩኒቨርሲቲ ሬዲዮ፣ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲው 96.3 ላይ ነው፤ ያ ጣቢያ በ1971 ነው ሥራ የጀመረው። ወደ 88.5 የመጡት በ1998 ነው፣ የዕለቱ ፕሮግራማቸው እስከ 2021 ዘለቀ። የካሪቢያን አነጋገራቸውን አልደበቁትም። ከንቲባና ካውንስል አባል ፊታቸው ተቀምጦ ሲጠየቅ እሰማ ነበር። «አክሰንት አለኝ» ብሎ አፉን ለሚይዝ ወገኔ የምጠቅስለት እሳቸውን ነው።

ስልክ ደውላችሁ ስትገቡ

አድማጭ የሚናገርበት ፕሮግራም ላይ ለመግባት እንግሊዝኛ መጠበብ አያስፈልግም። ግን ወጉ ከእኛ ወግ ይለያል። ስትደውሉ መጀመሪያ የሚያነሳው አቅራቢው አይደለም። ስማችሁን፣ ከየትኛው ሰፈር እንደሆናችሁና ምን ልትሉ እንደፈለጋችሁ የሚጠይቅ ሌላ ሰው ነው። ለእሱ ሐሳባችሁን በአንድ ዐረፍተ ነገር ንገሩት። ከመደወላችሁ በፊት ወረቀት ላይ ጻፉት። ከዚያ ያስጠብቋችኋል፤ አስር ደቂቃም ሃያ ደቂቃም ሊሆን ይችላል፣ ጭራሽ ላይደርሳችሁም ይችላል። ሬዲዮውን ዝጉት! ቀጥታ የሚባለው ስርጭት ጥቂት ሰከንድ ዘግይቶ ነው የሚወጣው፤ የራሳችሁን ድምፅ ከኋላ ስትሰሙ ሐሳባችሁ ይበተናል።

ስማችሁ ሲጠራ ሰላምታውን አሳጥሩት። እኛ ጤና ጠይቀን፣ ቤተሰብ ጠይቀን፣ እግዚአብሔር ይመስገን ብለን ነው ወደ ጉዳይ የምንገባው። እዚያ ግማሽ ደቂቃ ብቻ ነው ያላችሁ። «ጥሪዬን ስለተቀበላችሁ አመሰግናለሁ» በሉና ቀጥታ ወደ ነገሩ ግቡ። ከራሳችሁ ሕይወት የሆነ ነገር ተናገሩ። «ታክሲ እነዳለሁ፣ በዚህ ሳምንት እንዲህ ሆነብኝ» የሚል ሰው ከማንም ምሁር በላይ ይሰማል። እኔ አንድ ጊዜ ስለ ታክሲ ሕግ ሲወራ ገብቼ ነበር። ልቤ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። ያልኩት ሁለት ዐረፍተ ነገር ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ነዳጅ ስቀዳ አንድ ሐበሻ «በሬዲዮ የሰማሁህ አንተ ነህ እንዴ?» አለኝ፣ በድምፄ ለይቶኝ። መደወል ካልተመቻችሁ «ዋን ኤ» የድምፅ መልእክት ይቀበላል። ቀድታችሁ፣ ካልጣማችሁ ደምስሳችሁ፣ ደግማችሁ መላክ ነው።

ሰፈራችሁ ውስጥ ዜና መሆን ያለበት ነገር ካለስ? ሕንፃችሁ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ ማሞቂያ ከጠፋ፣ የሐበሻ ሱቆች ያሉበት መንገድ ሊፈርስ ከሆነ፣ ለዜና ክፍሉ ጻፉ። የሆነውን፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ሊናገሩ የሚችሉ ሁለት ሰዎችን አስቀምጡ። ምሬቱን ለኋላ አቆዩት። ፎቶና ደብዳቤ ካላችሁ እንዳላችሁ ግለጹ። ጋዜጠኛ ፍሬ ነገር ያለበትን ደብዳቤ ነው የሚያነሳው።

ሌላ በር ደግሞ አለ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው። ጣቢያው ከአካባቢው ሰዎች የተውጣጣ የማኅበረሰብ ካውንስል አለው፣ ስብሰባውም ለሕዝብ ክፍት ነው። ሄዶ «ስለ እኛ ሰፈር ለምን ትንሽ ይወራል?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ከዚህም ሌላ በአሜሪካ ሕግ እያንዳንዱ ጣቢያ ለሕዝብ የሚከፈት ፋይል ማስቀመጥ አለበት። የብሮድካስት ተቆጣጣሪው የኤፍ ሲ ሲ ድረ ገጽ ላይ የጣቢያውን ስም ስታስገቡ ፈቃዱ፣ ባለቤቱ፣ በየሦስት ወሩ ምን ምን ጉዳዮችን እንዳነሳ የሚዘረዝር ወረቀት ይወጣል። መታወቂያ አይጠየቅም፣ ክፍያም የለውም።

የባለቤትነቱን ነገር አቅልላችሁ አትዩት። ባልቲሞር ላይ 88.1 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ነበር። በ2002 ዩኒቨርሲቲው ሸጠው። የገዙት የአካባቢው ሰዎች ተሰባስበው ስለሆነ ዛሬም የሕዝብ ሬዲዮ ነው፣ ግን ሌላ ዓይነት ገዢ ሊመጣ ይችል ነበር። ፈቃዱ በማን ስም እንደሆነ የሚያውቅ አድማጭ ቀድሞ ይጠይቃል።

ገንዘቡ

በዓመት ጥቂት ጊዜ ፕሮግራሙ እየተቋረጠ «አባል ሁኑ» ሲባል ትሰማላችሁ። ጣቢያ አትቀይሩ። ነገሩ ከእድር ጋር ይመሳሰላል፤ ሁሉም በየወሩ ትንሽ ትንሽ ያዋጣል፣ በተዋጣው ሁሉም ይገለገላል። ልዩነቱ ካላዋጣችሁ የሚያስወጣችሁ ዳኛ የለም። ላልከፈለውም እኩል ይሰማል። እኔ የጀመርኩት በወር 5 ዶላር ነው። በየወሩ ከካርድ ላይ የሚቆረጠውን ምረጡ፤ ለእናንተም አይከብድም፣ ለጣቢያውም የሚተማመንበት ገቢ ነው። ደረሰኙን አስቀምጡ፣ ግብር ስትሠሩ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ሠራተኛው የሰጠውን ያህል አሠሪው የሚጨምርበት አሠራር መኖሩን ጠይቁ። የማይነሳ አሮጌ መኪና ግቢያችሁ ቆሞ ከሆነ እሱንም መስጠት ይቻላል፤ መጥተው ይወስዱታል።

ይህ ነገር አሁን ከበፊቱ የበለጠ ያስጨንቀኛል። በሐምሌ 2025 የአሜሪካ ኮንግረስ ለሕዝብ ብሮድካስት ተመድቦ የነበረውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ሰረዘው። ከ1967ቱ ሕግ ጀምሮ ገንዘቡን ሲያከፋፍል የኖረው ኮርፖሬሽንም ወዲያው ሥራውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። እንደ ዋሽንግተን ባለ ብዙ አድማጭ ባለው ከተማ ጣቢያ በአድማጩ ሊቆም ይችላል። ገጠር ላሉት ትንንሽ ጣቢያዎች ግን ይህ ገንዘብ ጀርባቸው ነበር።

ንግድ ያላችሁም መግቢያ አላችሁ። የሕዝብ ሬዲዮ ማስታወቂያ አይሸጥም፣ የደጋፊን ስም ግን ያነሳል። ቋንቋው ጥብቅ ነው። «በሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኝ፣ የጤፍ እንጀራ የሚጋግር ዳቦ ቤት» ይባልላችኋል። «ከሁሉ የሚበልጥ እንጀራ፣ ኑና ቅመሱ፣ በዚህ ሳምንት ቅናሽ አለ» አይባልም። ማወዳደር፣ ዋጋ መጥራት፣ ኑ ብሎ መጋበዝ በሕግ ክልክል ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ስታዘጋጁ ማን እንደሆናችሁ፣ የት እንዳላችሁና ምን እንደምትሠሩ ብቻ አስቡ። ለእኔ ይህ አነጋገር ከጩኸት ማስታወቂያ የበለጠ ጆሮ ይገባል።

የድሮውን ድምፅ ፍለጋ

ታሪኩ ከያዛችሁ ወይም ልጃችሁ ለትምህርት ቤት የምትሠራው ነገር ካላት ቁፋሮው ከባድ አይደለም። ከአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ጋዜጣ፣ ከ«ዘ ኢግል» ጀምሩ፤ ድሮ ድሮ የታተሙት እትሞች በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት በኩል በኢንተርኔት ይነበባሉ። ቀጥሎ የአሜሪካ ሕዝብ ብሮድካስት ቤተ መዛግብት አለ፣ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሚሳተፍበት፤ ከመላ ሀገሪቱ የተሰበሰበ የድሮ ድምፅና ምስል ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ትሰማላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ከሆናችሁ ደግሞ ኮሌጅ ፓርክ ቅርብ ነው። እዚያ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሆርንቤክ ቤተ መጻሕፍት የሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን መዛግብት ተቀምጠዋል። ቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ፣ የምትፈልጉትን ዓመትና ስም ጽፋችሁ ላኩ፤ ቤተ መዛግብት ሄዶ «ስለ ሬዲዮ ያለውን ሁሉ ስጡኝ» ማለት አያዋጣም። የጣቢያው ስቱዲዮ ራሱ ከ2013 ጀምሮ ኮኔቲከት አቬኑ 4401 ላይ ነው፣ በሬድ ላይን ቫን ኔስ ስትወርዱ ቅርብ ነው። ያቺ ሴትዮ የተሳፈሩልኝ ከዚያው ጎዳና ላይ ነው።

ከተገኙት ቅጂዎች ሁሉ እኔ የምፈልገው የኤድ ዎከርን ነው። ከ1990 ጀምሮ እሑድ ማታ «ዘ ቢግ ብሮድካስት» የሚለውን ፕሮግራም ያቀርቡ ነበር። ከ1930ዎቹና 40ዎቹ የተረፉ የሬዲዮ ድራማዎችና ቀልዶች የሚሰሙበት ነው። ዐይናቸው የማያይ ሰው፣ ልጅ ሆነው ዓለምን ያዩበትን ሬዲዮ መልሰው ለከተማው ያሰሙ ነበር። እሑድ ማታ ተሳፋሪ ባይኖርም ቤቴ አልገባም ነበር፤ መንገድ ዳር አቁሜ እሰማለሁ።

በ2015 ታመሙ። የመጨረሻውን ፕሮግራማቸውን ሆስፒታል አልጋቸው ላይ ሆነው ቀዱት። ጥቅምት 25፣ እሑድ ማታ፣ በ88.5 ተላለፈ። ቤተሰቦቻቸው ከበዋቸው አብረዋቸው ሰሙት። ፕሮግራሙ ካለቀ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ዐረፉ፣ በተማሪነታቸው ሽቦ ውስጥ በጀመሩት ጣቢያ ላይ ድምፃቸው ገና ተሰምቶ ሳይበርድ።